ሼድ ስትሰጡን ጎረቤታችንንም ጨምሩበት

የትንንሽ አምራቾችን ጉዳይ ለምትወስኑ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፣

ባለፈው ወር አንድ ወጣት ባለሙያ መጠይቅ ይዞ ወደ ሼዳችን መጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ስንት ማሽን አለዎት? ስንት ሠራተኛ? ካፒታልዎ ስንት ደርሷል? በወር ስንት ጥንድ ያመርታሉ? ሁሉንም መለስኩለት። ሲጨርስ “የሚጨምሩት ሐሳብ አለ?” አለኝ።

“ከማን ከማን ጋር እንደምሠራ አልጠየቅከኝም” አልኩት።

ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና “እሱ ፎርሙ ላይ የለም ጋሼ” አለኝ።

ይህ ደብዳቤ ፎርሙ ላይ ስለሌለው ነገር ነው።

እኔ ጫማ ሠሪ ነኝ። ሃያ ዓመት መርካቶ ሠርቻለሁ። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ደግሞ ከተማው ዳር በደረሰኝ ሼድ ውስጥ ነኝ። ስሜን ያልጻፍኩት ፈርቼ አይደለም። የምናገረው የእኔን ብቻ ስላልሆነ ነው።

ጫማ መደርደሪያ ላይ ሲታይ የአንድ ቤት ሥራ ይመስላል። መርካቶ ሳለሁ አንድ የወንድ ጫማ ተሠርቶ ሱቅ እስኪገባ ቢያንስ በስምንት ቤት ያልፍ ነበር። ቆዳውን ከቆዳ ነጋዴ እወስዳለሁ። ገበሩ ከሌላ ሱቅ ነው። ሶል የሚያመጣልኝ ሌላ፣ ማስቲሽ የሚሸጥልኝ ሌላ። ቆዳ የሚቆርጠው ልጅ ለእኔም ለጎረቤቴም ይቆርጣል። ስፌት ሲበዛብኝ ከግድግዳው ወዲያ ላለው ሰው አሻግራለሁ፤ እሱም ሲበዛበት ወደ እኔ ያሻግራል። ካርቶኑን የሚያጣጥፉት አንዲት እናትና ልጇ ናቸው። የራሴ ማሽን አራት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ማሽን ተበላሽቶብኝ ሥራ ፈትቼ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም።

ገንዘቡም እንደዚሁ ነበር። ሶል ነጋዴው ሁለት መቶ ጥንድ በዱቤ ይሰጠኛል። ወረቀት የለም፣ ፊርማ የለም። መልኬን ዐይቶ አይደለም የሚያምነኝ። ባልከፍለው በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ማስቲሽ እንኳ በዱቤ የሚሰጠኝ አይኖርም። የማን ቼክ ደረቅ እንደሆነ፣ የትኛው ጭነት ሶል ክረምት ሲገባ እንደሚሰነጠቅ፣ ጎረምሶቹ ዘንድሮ ሹል ጫፍ ይሁን ክብ እንደወደዱ፣ ይህ ሁሉ የሚታወቀው ቡና ላይ ነው። እኔ በሕይወቴ የገበያ ጥናት የሚባል ነገር አስጠንቼ አላውቅም። ቡና ግን በቀን ሁለቴ እጠጣ ነበር።

ይህ ዝምድና የመጣበት መንገድ ረጅም ነው። አዲስ አበባ ላይ የጫማ ፋብሪካ የከፈቱት አርመኖች ናቸው፤ ጊዜው በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ነው። እነሱ ጋ ሙያ የለመዱ ሠራተኞች ወጡና የራሳቸውን ቤት ከፈቱ። የእነሱ ሠራተኞችም በተራቸው ወጡ። እኔን ያስተማረኝን ሰው ያስተማረው ሰው እዚያ ሰንሰለት ውስጥ አለ። መርካቶ ሁለት ጫማ ሠሪ ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠያየቀው “ሥራ ማን ጋ ለመድክ?” ተብሎ ነው፤ ሦስት አራት ስም ወደ ኋላ ከተቆጠረ ከአንድ ቤት የወጡ ሆነው ይገኛሉ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በ1990ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር፣ የቻይና ጫማ ገበያውን ባጥለቀለቀበት ሰሞን ነው። ርካሽ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ሞዴሉም አዲስ ነው። ብዙ ቤቶች ተዘጉ። አለቃዬ ለእኔ የሚከፍለው አጥቶ ምሳ ብቻ የሚያበላኝ ጊዜ ነበር። አንድ ቀን የቻይናውን ጫማ ገዝቶ መጣና በቢላ ሰነጠቀው። አምስት ስድስት ጎረቤት ተሰብስቦ ያያል። የውስጡን አሠራር ሲያዩ አንዱ “ይሄማ አንድ ክረምት አይዘልቅም” አለ፤ ሌላው ግን “ሞዴሉ ግን ይበልጠናል” አለ። ክርክሩ እስከ ማታ ቆየ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት ሶል ነጋዴዎቹ የተሻለ ሶል ማስመጣት ጀመሩ። አንዱ ቤት የሞከረውን ስፌት ሌላው ዐየ። ዕቃ ለማምጣት ውጭ የሚመላለሱት ነጋዴዎች የሞዴል ፎቶ ይዘው ይመጡ ጀመር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአገር ቤት የቆዳ ጫማ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። የውጭ ኢኮኖሚስቶች ሳይቀሩ መጥተው ይህን ማገገም አጥንተውታል።

ያንን ለውጥ “እኔ አመጣሁት” የሚል ቤት የለም። ቢኖርም ይዋሻል። እናንተ ፈጠራ ስትሉ ኤግዚቢሽን ላይ ሪባን የሚቆረጥለትን ነገር ታስቡ ይሆናል። እኛ ጋ ፈጠራ ማለት ሶል ነጋዴው የነገረኝን ይዤ ከቆራጩ ጋር ስጨቃጨቅ የሚወጣው ነው።

አብሮ መሥራት ሁልጊዜ ደስ ይላል እያልኩ አይደለም። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ድርጅት ለጥበቃ ሠራተኞቹ 3,000 ጥንድ ጫማ በሦስት ወር ፈለገ። አንዳችንም ለብቻችን አንችለውም። አምስት ሆነን ገባንበት። ጨረታው ጥምረት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ስለዚህ በአንዳችን ንግድ ፈቃድ ተወዳደርን። አሸነፍን። ተካፍለን ሠራን፣ በጊዜው አስረከብን። 400 ጥንድ ተመለሰ።

ምክንያቱን ስሙ። የእኔ 41 ቁጥር ከጎረቤቴ 41 ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። ጫማ የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ፣ እኛ ፎርማ የምንለው፣ እያንዳንዳችን ከተለያየ ቦታ የሰበሰብነው ነው። አንዱ የጣሊያን አሮጌ ነው፣ አንዱ የቻይና ነው፣ አንዱ እዚሁ ከእንጨት የተፈለፈለ ነው። ለብቻችን ስንሸጥ ማንም አላወቀብንም። አንድ ላይ ስንሆን ጉዳችን ወጣ። ኪሳራውን ለአምስት ተካፈልን፤ አንዱ ተቀይሞ እስከ ዛሬ አያናግረንም። ፈቃዱን ያዋሰን ሰው ደግሞ የአምስታችንም ገቢ በእሱ ስም ስለተመዘገበ ግብሩ እሱ ላይ መጣ። ተዋጥተን ከፈልን፣ እሱ ግን ያን ዓመት እንቅልፍ አልነበረውም።

የቀረነው አራታችን ግን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ዓይነት ፎርማ ገዛን። ሶሉንም ከአንድ ሰው አደረግነው። በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ደንበኛ አብረን ሠርተን 19 ጥንድ ብቻ ተመለሰብን። ደረጃ፣ ጥራት፣ ስታንዳርድ እያሉ በየሥልጠናው የነገሩን ነገር በሙሉ የገባኝ ያኔ ነው። በስላይድ ሲነግሩኝ ግን ስንቴ አንቀላፍቻለሁ።

አሁን ትንሽ ራቅ ልበል፣ ጃፓን። በፈረንጆቹ 1997፣ በሁለተኛው ወር የመጀመሪያ ቀን፣ ካሪያ ከተማ ያለ የአይሲን ፋብሪካ ንጋት ላይ በእሳት ጋየ። አይሲን ለቶዮታ የፍሬን ፈሳሽን ግፊት የምታስተካክል አንዲት ትንሽ ቫልቭ ይሠራ ነበር። ቶዮታ ይህችን ዕቃ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያገኘው ከዚያ ነው። ቶዮታ ደግሞ ዕቃ አያከማችም፤ በየቀኑ የሚፈልገውን በየቀኑ ነው የሚያስመጣው። እሳቱ ከተነሳ ጥቂት ቀናት ሳይሞላው የቶዮታ ፋብሪካዎች ጃፓን ውስጥ ቀጥ አሉ። ብዙ ባለሙያ ለሳምንታት እንደሚቆሙ ገምቶ ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ ሥራ ጀመሩ። አይሲን ንድፉን አውጥቶ ለጠየቀ ሁሉ ሰጠ። ወደ 200 የሚጠጉ ድርጅቶች በአንድም በሌላም መንገድ ተረባረቡ። ከእነሱ መካከል ብራዘር አለበት። አዎ፣ ያው ስፌት ማሽኑ ላይ ስሙን የምናየው ብራዘር! የመኪና ዕቃ ሠርቶ የማያውቅ ድርጅት ማሽኑን አስተካክሎ ቫልቭ ማውጣት ጀመረ። “ስንት ትከፍለኛለህ?” ብሎ መጀመሪያ የተደራደረ አልነበረም። ሒሳቡ ኋላ መጣ፤ ቶዮታም አሳምሮ ከፈላቸው።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝ አንድ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ እኔ ተረት መስሎኝ ነበር። ኋላ አንብቤ ሳጣራ እውነት ነው። ሚስጥሩ የእሳቱ ቀን አልተፈጠረም። የቶዮታ አቅራቢዎች ከፈረንጆቹ 1943 ጀምሮ ማኅበር አላቸው፣ ኪዮሆካይ ይባላል። አንዱ የሌላውን ፋብሪካ እየጎበኘ፣ ባለሙያ እየተዋዋሰ፣ ችግሩን በግልጽ እየተነጋገረ ዐሥርት ዓመታት ቆይቷል። እሳቱ ሲነሳ ማን ምን እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። መርካቶም እሳትን ያውቃል። አንድ ቤት ሲቃጠል በማግስቱ ማሽን የሚያውሱት፣ ቆዳ በዱቤ የሚሰጡት የትኞቹ ሰዎች እንደሆኑ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

“ተፎካካሪ ከተፎካካሪ ጋር እንዴት ይሠራል?” የሚለኝ ሰው ካለ ኪሱ ውስጥ ያለውን የባንክ ካርድ ያውጣ። የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ባንክ ኤቲኤም የማይሠራበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ጥቂት የግል ባንኮች ቀድመው ፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስን አቋቁመው እርስ በርስ ተያያዙ። ቀጥሎ የባንኮቹ ሁሉ የጋራ ድርጅት የሆነው ኢትስዊች በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረና የሁሉም ካርድ በሁሉም ማሽን መሥራት ጀመረ። በዚያ ቀን አንድም አዲስ ኤቲኤም ባይተከል እንኳ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የማሽኑ ቁጥር በብዙ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ባንኮቹ ደንበኛ መሻማታቸውን አላቆሙም። ሥሩን በጋራ ሠርተው ላዩ ላይ ይፎካከራሉ። ለባንክ የተፈቀደው ለጫማ ሠሪ ለምን ይከበዳል?

ወደ ሼዱ ልመለስ።

ሼዱ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። መብራት አለው፣ ውኃ አለው፣ ጣሪያው አያፈስም። ማሽንም በሊዝ አግኝቻለሁ። ግን የተደለደልነው በዕጣ ነው። በግራዬ የብረት በር ይበየዳል። በቀኜ በርበሬ ይፈጫል። ቆዳ ላይ የበርበሬ ብናኝ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ እችላለሁ፤ ልጆቹ እያስነጠሱ ነው የሚሰፉት። በርበሬ የምታስፈጨዋ እህቴ ምን ታድርግ፣ እሷም በዕጣ ነው የደረሳት።

ቆራጩ ልጅ ሌላ ክፍለ ከተማ ሄደ። ከግድግዳው ወዲያ የነበረው ሰፊ ዕጣ አልወጣለትም፣ ሥራውን ትቶ ሾፌር ሆነ። ሶል ነጋዴው መርካቶ ነው፤ ሁለት ታክሲ እና ግማሽ ቀን። በየቀኑ ስለማያየኝ ዱቤውን ቀነሰው፣ ኋላም አቆመው። አልቀየምኩትም። አዲሱ መወጠሪያ ማሽን በሰዓት ብዙ ጥንድ ያወጣል። ግን አንድ ቁጥር ሶል ሲጎድል ማሽኑም እኔም እንተያያለን። ምርቴ በግማሽ ወርዷል። ካፒታሌ ግን ማሽኑ ስለተቆጠረ ጨምሯል። ሪፖርታችሁ ላይ አድጌያለሁ።

ይህ የሼድ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት ታወጀ። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ቆዳው እዚሁ ይለፋ፣ እዚሁ እሴት ይጨመርበት ነው። ቆዳ ፋብሪካዎቹም ያለቀለት ቆዳ ወደ ማምረት ገቡ። ያለቀለት ቆዳ ግን ዶላር ስለሚያመጣ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ። አርባ ካሬ የሚፈልግ ትንሽ ጫማ ሠሪ ቆዳ ፋብሪካ በር ላይ ቢቆም ማን ያናግረዋል? ያገኘነው ከውጭ ገዢ የተረፈውን ነው። ታክሱ ቆዳውን አገር ውስጥ አቆየው እንጂ ቆዳ አልፊውንና ጫማ ሠሪውን አላስተዋወቀም። ያ ሌላ ሥራ ነበር፤ የሠራው የለም።

በተቃራኒው ማንም ሳያቅደው የተሳካም ዐይቻለሁ። የቻይናው ሁዋጂያን በ2004 ዓ.ም. ዱከም ላይ ጫማ ማምረት ሲጀምር ለመርካቶ ምንም እንደማይፈይድ ነበር የምናወራው። ዕቃው አብዛኛው ከውጭ ይመጣል፣ ጫማውም ወደ ውጭ ይሄዳል። ግን እንዲህ ባለ የውጭ ሰዎች ፋብሪካ የሠራ አንድ ልጅ ኋላ እኔ ጋ ተቀጠረ። በመጀመሪያው ሳምንት የጠረጴዛዎቼን አቀማመጥ ዐይቶ ሳቀ። “ጋሼ፣ ይሄ ጫማ ሰባት ጊዜ ነው የሚመላለሰው” አለኝ። አብረን ጠረጴዛዎቹን ገፍተን በተርታ ደረደርናቸው። በቀን ስምንት ጥንድ ጨመረልኝ። ወጪው ሁለት ሰዓት ጉልበት ነው። በወሩ ጎረቤቶቼ በሙሉ ጠረጴዛ ሲገፉ ነበር።

የእኛን ሰፈር አሳምሬ ብቻ እንዳላቀርበው ጉድፉንም ልናገር። ቅዳሜ የሰቀልኩት ሞዴል ማክሰኞ ፊት ለፊት ተሰቅሎ አገኘዋለሁ፣ በሃምሳ ብር ቀንሶ። ስለዚህ አዲስ ነገር ለማውጣት ብዙ ወጪ የሚያወጣ ሞኝ ነው ይባላል። ደግሞም አዲስ ሰው በቀላሉ አይገባም። “የማን ሠራተኛ ነበርክ?” ለሚለው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ዱቤ አያገኝም። በ1990ዎቹ በፈረንጆቹ፣ ኒውዮርክ ውስጥ በልብስ ሰፊ ድርጅቶች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከሚያምኗቸው ጥቂት ሰዎች ጋር ተቀራርበው የሚሠሩት የመክሰር ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። ግን ከእነዚያ ጥቂቶች ውጭ ማንንም የማያውቁት ደግሞ መልሰው ተጎዱ። የሚሻለው ሁለቱንም ያቀላቀለው ነበር። ይህን ሳነብ ሰፈሬን ያጠኑ መሰለኝ።

ትልቁ ሲጫነውም ይህ የዝምድና መረብ ይበጠሳል። ብራዚል ሲኖስ ሸለቆ የሚባል የታወቀ የጫማ አካባቢ አለ። የቻይና ጫማ አሜሪካ ገበያ ላይ ሲቀድማቸው የአካባቢው ማኅበራት ተሰብስበው አብረን ዲዛይን እንሥራ፣ አብረን የራሳችንን ስም እንሽጥ ብለው ተነሱ። ጥቂቶቹ ትልልቅ ላኪዎች ግን ከአሜሪካ ገዢያቸው ጋር መጣላት አልፈለጉም፤ ወደ ኋላ አሉ። ዕቅዱ ከሸፈ። ፓኪስታን ሲያልኮት ውስጥ ግን የቀዶ ጥገና መሣሪያ የሚሠሩት በፈረንጆቹ 1994 አሜሪካ በጥራት ምክንያት ዕቃቸውን ስታግድባቸው በማኅበራቸው በኩል ተባብረው፣ መንግሥትም አግዟቸው፣ የጥራት አሠራሩን በጋራ ተማሩ። ገበያቸውንም መልሰው አገኙ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ እናንተ ከእኔ የተሻለ የተማራችሁ ናችሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሼድ ስታድሉ በዕጣ ከሆነም ዕጣው በቡድን ይሁን። ሶል ነጋዴው፣ ቆራጩ፣ ሰፊው፣ ካርቶን አጣጣፊዋ አንድ ላይ ስማቸውን ያስገቡ፤ ከወጣላቸው አንድ ላይ ይውጣላቸው። አምራች አይደለም ብላችሁ ነጋዴውን አትከልክሉት፤ ያለ እሱ አምራቹ አያመርትም። ለአሥር ሰው አሥር ማሽን ከምታከራዩ ለአንድ ሰፈር አንድ ሙሉ የፎርማ ስብስብ ግዙልን፤ በዋጋም ይቀንሳል። ትንንሽ ድርጅቶች በጥምረት ጨረታ የሚገቡበት፣ ግብሩም እንደየድርሻቸው የሚከፈልበት መንገድ ይኑር። የቆዳ ምርመራ ላቦራቶሪ አገሪቱ አላት። እኔ ግን ናሙና ይዤ ብሄድ በየትኛው በር እንደምገባ አላውቅም፤ በሳምንት አንድ ቀን ለትንንሾቹ ክፍት ይሁን። ከቆዳ ፋብሪካዎች ጋር በወር አንድ ጊዜ ፊት ለፊት አገናኙን። አበል አንጠይቅም። ቡናውን እኛ እናፈላለን። ስለ ሞዴል መሰራረቁ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ግን እኔም ገና አልገባኝም። ሕጉ ቢኖርም በየሳምንቱ ጎረቤቴን ልክሰስ? አይሆንም። እሱን እርስ በርሳችን እንጨርሰዋለን።

መጠይቁን የያዘው ልጅ በሚቀጥለው ወር እንደሚመለስ ነግሮኛል። ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ጨምሩለትና ላኩት፤ “ከማን ከማን ጋር ይሠራሉ?” የሚል። መልሱን በደብተር ጽፌ አስቀምጫለሁ። አሥራ አንድ ስም ነው። ከአሥራ አንዱ አሁን በእግር ሄጄ የማገኛቸው ሁለቱን ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጫማ ሠሪ
አዲስ አበባ